ቅሉ ባይሰነጠቅም ወተቱ ይናጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከጎንደር

ክቡር አዘጋጅ፣

የትራፊክ አደጋ ዜና ሲወጣ አቀማመጡ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሞተ ይህን ያህል፣ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ይህን ያህል፣ ቀላል ጉዳት የደረሰበት ይህን ያህል፣ የወደመው ንብረት በብር ሲተመን ይህን ያህል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈን ሦስተኛው ነው። ከባጃጅ ተወርውሮ አናቱን አስፋልት የመታው፣ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ የነቃ፣ ግንባሩ ተሰፍቶለት በማግሥቱ ቤቱ የገባ ሰው በዚህ መዝገብ «ቀላል» ተብሎ ይቆጠራል። ያው ሰው ከሦስት ወር በኋላ ሱቁን ዘግቶ፣ ከቤተሰቡ ተጣልቶ፣ መጋረጃ ጋርዶ ቢተኛ የሚቆጥረው የለም። ጎረቤት ግን ስም አያጣለትም፤ ሰነፈ፣ አስመሰለ፣ ልክፍት ነው፣ «ጭንቅላቱ ተነክቷል»።

«ቀላል» የሚለውን ቃል ሐኪሞችም ይሉታል፤ ለእነሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ተጎጂው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ምን ያህል ንቁ እንደሆነ ይለካል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የግላስጎው መለኪያ ዓይን ለመክፈት እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእጅና እግር እንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 15፣ ዝቅተኛው 3 ነው። ከ13 እስከ 15 ያለው ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ ከ8 በታችና 8 ራሱ ከባድ ይባላል። ቁጥሩ የሚያገለግለው ለዚያች ሰዓት ነው፤ ማን ቶሎ ሲቲ ስካን ይነሣ፣ ማን ቀዶ ሕክምና ይግባ የሚለውን ለመለየት። ሰውየው ከስድስት ወር በኋላ የሱቁን ሒሳብ መዝጋት ይችል እንደሆነ አይናገርም። 15 ከ15 አግኝቶ ለወራት የሚቸገር አለ፤ «ከባድ» ተብሎ ገብቶ ወደ ሥራው የሚመለስም አለ።

«አጥንቱ አልተሰበረም» የሚለው ማጽናኛም ብዙ ሰው ያሳስታል። የአዋቂ አንጎል 1.4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ለስላሳ አካል ነው፤ ራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ይቀመጣል። ወተት የሚናጥበትን ቅል ማሰብ ይበቃል፤ ቅሉ ምንም ሳይሰነጠቅ ውስጡ ያለው ወዲያና ወዲህ ይላጋል። በፍጥነት ይሄድ የነበረ ጭንቅላት ድንገት ሲቆም አንጎሉ ከፊት አጥንቱ ጋር ይጋጫል፣ ተመልሶ ከኋላው ጋር ይላተማል፣ ሲጠማዘዝም ጥቃቅን የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ ይበጠሳሉ። ራጅ አጥንትን እንጂ አንጎልን አያሳይም። ሲቲ ስካን ስብራትን፣ የፈሰሰ ደምንና እብጠትን ያሳያል፤ የተለጠጡትን ክሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ «ሲቲው ነጻ ነው» ሲባል «አሁን በአስቸኳይ የሚከፈት ነገር የለም» ማለት ነው። ይህን ወረቀት ከመሳቢያ እያወጡ «ምንም የለህም ተብለሃል እኮ» እያሉ ታማሚውን መሞገት ያልተጻፈውን ማንበብ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በአጭሩ እንለፋቸው። «እንዳይተኛ፣ ከተኛ ይሞታል» ይባላል። ሐኪም አይቶት ወደ ቤት የላከው ሰው መተኛት ይችላል፤ እንቅልፍ እንዲያውም ያስፈልገዋል። አደጋው ሲቀሰቅሱት አለመንቃቱ ነው። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የሚደጋገም ትውከት፣ ማንቀጥቀጥ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ የንግግር መንተባተብ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወርድ ንጹሕ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ወጌሻ ራስንና አንገትን እንዲያሽ መፍቀድ ደግሞ ያልታየ የአንገት ስብራት ካለ ሰውየውን ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

በዕድሜ ለገፉ ሰዎች አንድ ነገር እንጨምር። ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ራሳቸውን በመጠኑ የተመቱ አረጋዊ ከሳምንታት በኋላ ወሬያቸው ሲዘበራረቅ፣ ሲራመዱ ወደ አንድ ጎን ሲያዘሙ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ሲበዛባቸው ቤተሰብ «ጃጁ» ብሎ ይተወዋል። አንጎሉን በሸፈነው ልባስ ሥር በዝግታ የተጠራቀመ ደም ሊሆን ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱና አልኮል የሚያበዙ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ራስ ቅሉ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ የሚወጣ ነው፤ በወቅቱ የደረሰለት ሰው «ጃጀ» የተባለበት ነገር በቀናት ውስጥ ሊለቀው ይችላል።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚያ ነውና። ብዙዎቹን ከሁሉ በላይ የሚያሰቃያቸው ድካም ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ 20 በመቶ የሚሆነውን ኃይል ይወስዳል። የተጎዳው ደግሞ ቀጥታው መንገድ ተቆርጦበታል፤ ዋናው መንገድ ተዘግቶ ከአዘዞ ፒያሳ በየመንደሩ ኮብልስቶን እየዞረ እንደሚመጣ ባጃጅ ነው። ይደርሳል፤ ግን ነዳጁን ጨርሶ ነው። ይህ ድካም ላብ የለውም፤ ለዚህ ነው ስንፍና የሚመስለው። የተለመደው ጥፋት «ዛሬ ደህና ነኝ» ባለበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሠርቶ ሦስት ቀን መውደቅ ነው። የሚሻለው ከባዱን ነገር ጠዋት ማድረግ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሠርቶ ራስ ምታቱ ሳይመጣ 10 ደቂቃ ጸጥ ባለ ቦታ ማረፍ ነው። ሳይመጣ የሚለው ይሰመርበት፤ ከመጣ በኋላ የሚወሰድ ዕረፍት ሰዓታት ይፈጃል። ተቃራኒውም ስሕተት ነው፤ ሙሉ ዕረፍት የሚያስፈልገው ለመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ነው፣ ከዚያ አጭር የእግር ጉዞና ቀላል የቤት ሥራ ይጀመራል። አንድ ወር ጨለማ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ መፍዘዙንና መከፋቱን ያባብሳል።

ጥየቃ የእኛ ደግነት ነው፤ የተጎዳ አንጎል ግን አይችለውም። አሥር ሰው፣ የሚጨስ ዕጣን፣ የሚንኳኳ ሲኒ፣ የተከፈተ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወራ። ጤነኛ አንጎል ከዚህ ሁሉ የሚፈልገውን ድምፅ መርጦ ሌላውን ይጥላል፤ የተጎዳው ሁሉንም እኩል ያስገባል። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በር ላይ ይቁም፤ ሁለት ሁለት ሰው ለ15 ደቂቃ ይግባ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይስማ፣ ቡናውና ዕጣኑ ሳሎን ይሁን። እንግዳ ሁሉ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ቢተው ደስ ይለናል፤ «አወቅኸኝ? እስቲ ማነኝ?» የምትለዋን። ይህ ፈተና ነው፤ በሰው ፊት የሚወድቁበት ፈተና። «አክስትህ ነኝ፣ ከደባርቅ መጣሁ» ብሎ መጀመር ይበቃል።

ትዝታን በተመለከተ ፊልም ብዙ አበላሽቷል። ስሙንና ማንነቱን ጠቅልሎ የሚረሳ ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሁለተኛ ምት ትዝታን ይመልሳል የሚለው ቀልድ ደግሞ ሰው ይገድላል። በብዛት የሚሆነው የድሮው ተቀምጦ አዲሱ አለመያዙ ነው። የአንደኛ ክፍል መምህሩን ስም የሚጠራ ሰው ጠዋት የነገሩትን ከሰዓት አያገኘውም፤ ከዚህ ተነሥቶ «የፈለገውን ያስታውሳል» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፣ ግን ሐሰት ነው። ሲጠፋበት «ገምት» አይባልም። የተሳሳተው ግምት ራሱ ይቀረጽና በሚቀጥለው ቀን ትክክለኛውን እየገፋ ይመጣል። መልሱን ሰጥቶ ማስደገም ይሻላል፤ ወዲያው፣ ከዚያ ከ1 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያ ከ5፣ ከዚያ ከ15።

ደብተር አንድ ብቻ ይሁን፣ ቦታውም አንድ። ከላይ ቀኑ፣ ከሥሩ የዛሬ ሥራ፣ የተዋጠ መድኃኒት ላይ ምልክት። ስልክ ማስታወሻ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስልኩ 8፡00 ሲል እኛ 2 ሰዓት እንላለን። ስድስት መቀነስ ለጤነኛ ቀላል ነው፤ ለዚህ ሰው ግን በመድኃኒቱ ሰዓት ላይ የተጫነ ሌላ ሒሳብ ነው፣ ከዚያም አልፎ ኪኒን ሁለት ጊዜ ለመዋጥ ምክንያት ይሆናል። ማንቂያው ላይ ከቁጥሩ ይልቅ «የጠዋት መድኃኒት» የሚል ጽሑፍ ወይም የቤተሰብ ሰው ድምፅ ይቀረጽበት።

ቤተሰብን ከሁሉ የሚያበግነው «እሺ» ብሎ አለመነሣቱ ነው። የግንባር አካባቢ አንጎል ሲጎዳ ፍላጎት ሳይሆን መጀመር ይጠፋል። መካኒኮች ይገባቸዋል፤ ሞተሩ ደህና ነው፣ የማይሠራው ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው። መጮህ ሞተሪኖ አያስነሣም። «ተነሥተህ ታጠብና ልበስ» ሦስት ትእዛዝ ነው። አንዱን መርጦ፣ ሳሙናውን እጁ ላይ አድርጎ «ውሃው ሞቋል፣ ና» ማለት፣ ሁለተኛው የሚነገረው የመጀመሪያው ካለቀ በኋላ። የእርምጃዎቹ ዝርዝር በትልልቅ ፊደል መታጠቢያው በር ላይ ቢለጠፍ ከሳምንታት በኋላ የሚናገረው ሰው አያስፈልግም ይሆናል።

ያው የአንጎል ክፍል ፍሬንም ነው። ዕድሜውን ሁሉ ታላቁን «እርስዎ» ሲል የኖረ ሰው ድንገት ሽማግሌውን «አንተ» ሲል፣ ለቅሶ ቤት ሲስቅ፣ ሰው ፊት የማይባለውን ሲል፣ እዚህ አገር ከሞት የማይተናነስ ውርደት ነው። ብልግና ግን አይደለም። በሰው ፊት መገሠጽ እሳት ላይ ጋዝ ነው፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ በአጭር ዓረፍተ ነገር «ይህን እዚህ አንልም» ብሎ ወሬ መቀየር፣ ካልሆነ ለ10 ደቂቃ ከክፍሉ መውጣት ይሻላል። ቁጣው የተነሣበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት የነበረውን መመዝገብ ያዋጣል፤ ብዙ ጊዜ ረሃብ፣ ጫጫታ፣ የእንቅልፍ ማነስ ወይም የቀኑ መገባደጃ ነው። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ የሚውል ታማሚ ካለ የንስሐ አባቱን ማማከር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የጾም ገደብ እንደምታላላ የታወቀ ነው። ደግሞም «ደህና ነኝ፣ እናንተ ናችሁ የታመማችሁ» የሚለው ክርክር ግትርነት ላይሆን ይችላል። ጉድለቱን የሚያየው ክፍል ራሱ ተጎድቷል፤ በክርክር አይረታም፣ አደጋ የሌለውን ሥራ ሞክሮ ራሱ ቢያየው ግን ሊቀበል ይችላል።

የሕክምና ተማሪ ሁሉ የሚሰማው የፊኒያስ ጌጅ ነገር አለ። በ1848 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሲያሠራ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ብረት በባሩድ ተፈናጥሮ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተረፈ፤ ጠባዩ ተለወጠ። ተራኪው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ሰውየው ግን በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት መንገደኛ የሚጭን የፈረስ ሠረገላ ነድቷል፤ ያው ሰዓት፣ ያው መንገድ። ያቆመው ይህ የማይለዋወጥ ሥርዓት ነው ብለን እናምናለን። የሞተው በ1860፣ ከአደጋው 11 ዓመት አልፎ፣ በሚደጋገም የሚጥል ሕመም ነው።

የሚጥል ሕመም ከራስ ጉዳት በኋላ በሳምንቱም በዓመታትም ሊመጣ ይችላል። ሲመጣ መንገድ ላይ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ማንኪያ ጥርስ መሃል መክተት፣ ወይም አረፋው ይተላለፋል ብሎ መሸሽ። ጭሱ ምንም አያደርግም፣ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል፣ ሕመሙም አይተላለፍም። ሰዓት ይታይ፤ የሚያቆስል ነገር ይራቅ፤ ጋቢ ታጥፎ ከራሱ ሥር ይደረግ፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ይተኛ፤ በደንብ ሳይነቃ ውሃ አይሰጠው። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ሆስፒታል ነው። ፌኒቶይን የተባለው የሚጥል ሕመም መድኃኒት ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ለመከላከያ ይታዘዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስለማይከላከል ሕመሙ ያልታየበት ሰው ለዓመታት ሊውጠው አይገባም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙን «እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ወረቀቱ ላይ ማጻፍ ያስፈልጋል። ሕመሙ ታይቶበት ፌኖባርቢታልም ሆነ ሌላ የጀመረ ሰው ግን በራሱ ካቆመ ከቀድሞው የባሰና የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል። ሦስት ሱባኤ ጠበል የሚገባ የ21 ቀን ኪኒኑን ይዞ ይግባ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ጠበሉ ውስጥም ብቻውን አይቁም። ለቀዶ ሕክምና የተነሣው የራስ ቅል አጥንት ያልተመለሰለት ደግሞ ከላይ የሚወርድ ውሃ በዚያ በኩል እንዳይመታው። የበዓል «ትንሽ ቅመስ»ም ይቅር፤ ጠላም አረቄም የሚጥለውን ሕመም ያቀርባሉ፣ ሚዛንን ያጠፋሉ፣ ከመድኃኒቱ ጋርም ይጋጫሉ።

ራስ ምታት ሲበዛ ፋርማሲ መመላለስ ሌላ ወጥመድ ነው። ፓራሲታሞል በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከተወሰደ ራስ ምታቱን የሚያመጣው ራሱ ሊሆን ይችላል። ዲክሎፌናክና አስፕሪን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም፤ ደም የመርጋት አቅምን ይቀንሳሉ። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ ለሰከንዶች የሚያዞር ነገር ሁሉ «ደም ማነስ» አይደለም፤ በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከቦታቸው ሲለቁ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። የሠለጠነ ባለሙያ ራስን በተወሰነ ቅደም ተከተል በማዘንበል በደቂቃዎች ሊመልሳቸው ይችላል። ጎንደርን በመሰለ ዳገትና ቁልቁለት ከተማ ይህ ሳይታከም መቅረቱ ሁለተኛ ውድቀት ማለት ነው።

የመናገር አቅሙን ያጣ ሰው አልደነቆረም፣ አልጀዘበምም፤ መጮህ አይጠቅመውም። «አዎ» ወይም «አይ» የሚመለስበት ጥያቄ ጠይቆ 10 ሰከንድ መጠበቅ ይጠቅመዋል። ሲውጥ የሚያስለው ከሆነ ቀጭን ውሃና ሻይ ከወፍራም አጥሚት ይልቅ አደገኛ ናቸው፣ ቆሎ ጨርሶ አይሰጥም። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በትንሽ ማንኪያ ይብላ፣ ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ አይጋደም።

«እስከ ስድስት ወር የተሻለው ተሻለው፣ ሌላው ቀረ» የሚለው ወሬም ከሆስፒታል ኮሪደር የወጣ ነው። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መሆኑ እውነት ነው፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በኋላ ግን በዝግታ ይቀጥላል። ስለዚህ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮን በሦስተኛው ወር ማቋረጥ ኪሳራ ነው። ፊዚዮቴራፒ መታሸት ብቻ የመሰለው ካለ ደግሞ ተሳስቷል፤ ዋናው ታማሚው ራሱ ቤቱ የሚደጋግመው እንቅስቃሴ ነው።

ሥራን በሚመለከት፣ ቀጣሪዎች የሚያውቁት «ድኗል» እና «አልዳነም» ብቻ ነው። በመካከሉ ግማሽ ቀን አለ፣ ከጫጫታ ራቅ ያለ ወንበር አለ፣ በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝ አለ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታን ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ከሕንፃ ላይ የወደቀ የግንባታ ሠራተኛ ግን ጉዳቱ የሥራ ላይ ነው፤ የሚከፈለው ለሦስት ወር ሙሉ፣ ለሦስት ወር ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለቀጣዩ ስድስት ወር ቢያንስ 50 በመቶ ነው። ሁለቱን የሚለየው በመጀመሪያው ቀን የሚጻፈው የሕክምና ወረቀት ነውና «ሥራ ላይ ሳለ ወድቆ» የሚለው እንዳይቀር። የባጃጅም ሆነ የጭነት መኪና ሾፌር ሐኪም ሳይፈቅድለት መሪ አይጨብጥ።

ለጋዜጣው ያለን ጥያቄ ትንሽ ቦታ የሚወስድ ነው። የአደጋ ዜና ላይ «ቀላል ጉዳት» ስትጽፉ ከሥሩ ይህችን አክሉልን፦ «ራሱን ተመትቶ የነበረ ሰው ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ወይም ከሳምንታት በኋላ ጠባዩና ትዝታው ከተለወጠ ወደ ሐኪም ይመለስ።»

ከአክብሮት ጋር፣
በጎንደር ከተማ በአንጎል ጉዳት ተሃድሶ ሙያ የምንሠራ